መብራት ከሄደ በኋላ ዘርቴ አልከፈት አለ፤ የመምህራኑ ሥራ ሳይጠፋ እንዴት ላንሣው?

የኮዬ መምህርት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህርት ነኝ። የኢንተርኔት መስመራችን አስተማማኝ ስላልሆነ ዘርቴን በአንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ በዛምፕ (አፓቼ የተባለውን የድረ ገጽ ሰርቨርና ማይኤስኪውኤል የተባለውን ዳታቤዝ አንድ ላይ በሚጭን ጥቅል) አማካኝነት ጭነን፣ መምህራኑ እየተፈራረቁ ትምህርት ያዘጋጁበታል። ለማያውቀው፦ ዘርቴ በእንግሊዝ የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ በነፃ የሚገኝ የዲጂታል ትምህርት ማዘጋጃ ነው። ጽሑፍ፣ ሥዕል፣ ድምፅና የመልመጃ ጥያቄ እያቀናጁ ተማሪው በብራውዘር የሚከፍተው ትምህርት ይሠሩበታል፤ ኮድ መጻፍ አይጠይቅም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የ7ኛ ክፍል የሳይንስ መምህርታችን እየሠራች ሳለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ኮምፒውተሩ በደህና ተነሣ፤ አፓቼም ተነሣ። ማይኤስኪውኤል ግን “ስታርት” የሚለውን ስጫነው ለአፍታ አረንጓዴ ይሆንና ወዲያው ይጠፋል። በቀይ የሚጻፈው መልእክት አገልግሎቱ ሳይታሰብ እንደተዘጋ፣ ምክንያቱ የፖርት (ፕሮግራሙ የሚገናኝበት የበር ቁጥር) መያዝ፣ የፈቃድ ጉድለት ወይም ብልሽት ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ዘርቴን ስከፍተው ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልቻልኩም ይላል።

የጠራነው ባለሙያ “ሁሉንም አራግፈን እንደ አዲስ እንጭነዋለን” ብሏል፤ ነገ ጠዋት ይመጣል። ውስጡ ግን የመምህራኑ የአንድ መንፈቅ ሥራ አለ። የአማርኛ መምህራችን በራሳቸው ድምፅ እያነበቡ የቀዱት ምንባብ ጭምር አለበት፤ እርሳቸው አሁን ተዛውረው ሄደዋል፣ ድጋሚ የሚቀዳ ሰው የለም። ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ማድረግ ያለብኝ ነገር ካለ ንገሩኝ።

---

ገላን ጥገና
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ሰላም እህቴ። የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለኝ፤ ይህ ችግር ለእኔ እንግዳ አይደለም። መጀመሪያ ፖርቱን ተመልከቺ። በዛምፕ መቆጣጠሪያ መስኮት በስተቀኝ ኔትስታት የሚል ቁልፍ አለ፤ እሱን ተጭነሽ የማይኤስኪውኤልን ፖርት 3306ን ማን እንደያዘው እዪ። ሌላ ማይኤስኪውኤል ቀድሞ ተጭኖ ከነበረ ሁለቱ ይጋጫሉ። አፓቼም እንዲሁ ነው፤ 80ን የዊንዶውስ የራሱ የድረ ገጽ አገልግሎት ከያዘበት አይነሣም፤ ያን ጊዜ በኮንፊግ ቁልፍ ገብቶ “ሊስን 80” የሚለውን 8080 ማድረግ ነው።

ፖርቱ ነፃ ከሆነ ግን ዳታ ፎልደር ውስጥ አይቢዳታ1 የሚባለውን ፋይል አጥፍተሽ ሞክሪ፤ ኢንተርኔት ላይ ብዙ ሰው በዚህ ተነሥቶልኛል ይላል። እምቢ ካለ አራግፎ መጫን ነው። የዛምፕ መጫኛ ወደ 150 ሜጋባይት ነው፤ በፍላሽ ይዘሽ ከመጣሽ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

---

ዳታ ጠባቂ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

መምህርት፣ እባክዎ አይቢዳታ1ን እንዳያጠፉ፤ ነገ ጠዋትም ማንም ሰው ያንን ዛምፕ እንዳያራግፍ ይከልክሉ። ስለ ፖርቱ የተባለው ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ምክር ግን የመምህራኑን ሥራ የሚያስጠፋ ነው።

አይቢዳታ1 ኢኖዲቢ የተባለው የዳታቤዙ ሞተር ስለ ሰንጠረዦቹ ያለውን ማውጫ የያዘ ፋይል ነው። እሱ ሲጠፋ ማይኤስኪውኤል ሊነሣ ይችላል፤ “ተነሣልኝ” የሚባለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን የሚነሣው የራሱን ሰንጠረዦች የማያውቅ ሆኖ ነው። ስማቸው በዝርዝሩ ላይ ይታያል፤ ሲከፈቱ “እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የለም” ይላል። አረንጓዴ መብራት አይቶ ደስ ያለው ሰው ያጣውን ነገር የሚያውቀው ከዚያ በኋላ ነው። ማራገፍማ ይብሳል፤ የዳታቤዙ ፋይሎች የሚቀመጡት እዚያው ዛምፕ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ አብረው ይሄዳሉ።

አሁን ደግሞ ልብዎን የሚያሳርፍ ነገር ልንገርዎ። ዘርቴ የትምህርቱን ይዘት ዳታቤዝ ውስጥ አያስቀምጥም። በዛምፕ ውስጥ ኤችቲዶክስ፣ ከዚያ ውስጥ ዘርቴን የጫኑበትን ፎልደር ይክፈቱ፤ “ዩዘር ፋይልስ” የሚል ፎልደር ያገኛሉ። በውስጡ ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ፎልደር አለ፤ ስሙ በቁጥር ይጀምርና በሰረዝ የአዘጋጁን መለያ ስም፣ ቀጥሎ አብዛኛውን ጊዜ “ኖቲንግሃም” የሚለውን የአብነቱን ስም ይይዛል። ከእነዚህ አንዱን ይክፈቱ። “ፕሪቪው” እና “ዳታ” የሚባሉ ሁለት የኤክስኤምኤል ፋይሎች፣ እንዲሁም “ሚዲያ” የሚል ፎልደር ይኖራል። ፕሪቪው አዘጋጁ በመሥራት ላይ ያለው ረቂቅ ነው፤ ዳታ ለተማሪ የታተመው ነው፤ ሚዲያ ውስጥ ድምፁ፣ ሥዕሉና ቪዲዮው አለ። የተዛወሩት መምህር ድምፅም የሚገኘው እዚያ ነው። ዳታቤዙ የያዘው የተጠቃሚዎችን ስም፣ የትኛው ትምህርት የማን እንደሆነና የፈቃዱን ዝርዝር ነው። እሱም ያስፈልጋል፤ ከጠፋ የትኛው ፎልደር የማን እንደሆነ በእጅ መለየት አድካሚ ነው። የመምህራኑ ሥራ ግን ዳታቤዙ ባይነሣ እንኳ አለ።

ስለዚህ ዛሬውኑ የሚሠራው አንድ ነገር ነው። አፓቼንም ማይኤስኪውኤልንም ያቁሙ። ከዚያ ሁለት ፎልደሮችን እንዳሉ ወደ ውጭ ዲስክ ይቅዱ፦ አንደኛው ሙሉው የዘርቴ ፎልደር፣ ሁለተኛው በማይኤስኪውኤል ውስጥ ያለው ዳታ ፎልደር። ቅጂውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው አንድ የድምፅ ፋይል አጫውተው ያረጋግጡ። ይህ ሳይሆን ምንም ዓይነት ጥገና አይጀመርም።

ቅጂው ካለቀ በኋላ በመቆጣጠሪያው መስኮት በማይኤስኪውኤል ረድፍ “ሎግስ” የሚለውን ይጫኑና የስሕተት መዝገቡን የመጨረሻ መስመሮች እዚህ ይለጥፉልን። ቀዩ መልእክት ግምቶችን ብቻ ይደረድራል፤ እውነተኛው ምክንያት የተጻፈው መዝገቡ ላይ ነው።

---

የኮዬ መምህርት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የትምህርት ቤቱን ጥበቃ አስከፍቼ ገብቼ ሁለቱንም ፎልደሮች ቀዳሁ። በላፕቶፔ ላይ ሚዲያ ውስጥ ገብቼ የመምህሩን ምንባብ ከፈትኩት፤ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማል። ለባለሙያውም ደውዬ ነገ እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ።

3306ን የያዘው ማንም የለም። መዝገቡ መጨረሻ ላይ “አሪያ ሪከቨሪ ፌይልድ” ይላል፤ ቀጥሎ አሪያ ቸክ በተባለው ፕሮግራም የአሪያ ሰንጠረዦችን ሁሉ ጠግን፣ በአሪያ ሎግ የሚጀምሩትን ፋይሎች አጥፋ የሚል ትእዛዝ አለ። ከሥሩ አንዳንድ ፕለጊኖችን ማስነሣት አልተቻለም ብሎ “አቦርቲንግ” ላይ ይቆማል። ስለ ኢኖዲቢ ግን የስሕተት መስመር አላየሁም።

---

ዳታ ጠባቂ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡35

እነዚህ መስመሮች መልሱን ይዘውታል። ዛምፕ “ማይኤስኪውኤል” ብሎ የሚያስነሣው ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእውነቱ ማሪያዲቢ የተባለ ተመሳሳይ ዳታቤዝ ነው። ማሪያዲቢ ደግሞ ከ10.4 ሥሪቱ ወዲህ የራሱን የውስጥ ሰንጠረዦች፣ ማለትም ማን ይገባል ማን አይገባም የሚለውን ዝርዝር፣ የሚያስቀምጠው አሪያ በተባለ ሞተር ነው። አሪያ እያንዳንዱን ለውጥ አስቀድሞ ወደ መዝገብ ይጽፋል፤ እንደ ሱቅ የዱቤ ደብተር ነው፤ ሒሳቡ ወደ ዋናው መዝገብ እስኪዞር ድረስ እዚያ ይጠበቃል። መብራት በድንገት ሲሄድ ደብተሩ በጅምር ይቀራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሣ ደብተሩና መዝገቡ አልስማማ ይሉታል። የራሱን የፈቃድ ዝርዝር ማንበብ ያልቻለ ሰርቨር ለማንም በሩን አይከፍትም፤ የእርስዎ ሰንጠረዦች ምንም ሳይሆኑም እንኳ ማለት ነው።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ማይኤስኪውኤል እንደቆመ ዳታ ፎልደር ውስጥ ይግቡ። ስማቸው “አሪያ ሎግ” ብሎ የሚጀምር ፋይሎችን ብቻ፣ ኮንትሮል የሚለውን ጨምሮ፣ ሌላ ቦታ አዲስ ፎልደር ፈጥረው ያዛውሯቸው። ማጥፋት አያስፈልግም፤ ማዛወር ይበቃል። “አይቢ” ብለው የሚጀምሩትን በፍጹም አይንኩ። ከዚያ ስታርት ይበሉ፤ የጎደሉትን ራሱ አዲስ ይፈጥራል። እምቢ ካለ መዝገቡን እንደገና ይመልከቱ፤ አዲስ መስመር ይጽፋል።

---

ገላን ጥገና
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

ዩዘር ፋይልስ ውስጥ ይዘቱ እንዳለ አላውቅም ነበር፤ ጥሩ ትምህርት ነው። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። በዛምፕ ውስጥ ማይኤስኪውኤል ሥር “ባክአፕ” የሚል ፎልደር አለ። ብዙ ጊዜ ዳታን ስሙን ቀይረን፣ ባክአፕን ቀድተን ዳታ ብለን ስንሰይመው ይነሣል። ይህስ አይሻልም?

---

ዳታ ጠባቂ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡05

ይሠራል፤ ግን ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ ሲሠራም በሙሉ መሠራት አለበት። ያ ፎልደር ስሙ ባክአፕ ይሁን እንጂ የእርስዎን ሥራ የያዘ አይደለም፤ ዛምፕ በተጫነበት ቀን የነበረው ባዶ ዳታቤዝ ነው። ስለዚህ ከአሮጌው ዳታ የራስዎን የዳታቤዝ ፎልደሮች ወደ አዲሱ መመለስ ያስፈልጋል፤ ማይኤስኪውኤል፣ ፐርፎርማንስ ስኪማ፣ ፒኤችፒማይአድሚን እና ቴስት የሚባሉትን አይመልሱም። ከዚያ አሮጌውን አይቢዳታ1 በአዲሱ ላይ ይገለብጡታል። ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻውን ይዘነጋል፤ ከዚያ “ሰንጠረዥ የለም” ይመጣል። ደግሞ በዚህ መንገድ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ሁሉ ወደ መጀመሪያው ስለሚመለስ፣ ዘርቴ በራሱ መለያ ይገናኝ ከነበረ አዲስ መፍጠር ይጠይቃል።

መዝገቡ ስለ ኢኖዲቢ ገጽ መበላሸት ቢናገር ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ያን ጊዜ በማይ ኢኒ ፋይል ውስጥ “ኢኖዲቢ ፎርስ ሪከቨሪ” የሚል መስመር በ1 ጀምሮ ቢበዛ እስከ 3 ከፍ እያደረጉ ማስነሣት፣ እንደተነሣም ሁሉንም በኤክስፖርት ማውጣት ነው። ከ4 ጀምሮ ያለው ራሱ ዳታን በቋሚነት ሊያበላሽ ስለሚችል ቅጂ ሳይኖር አይሞከርም።

---

የኮዬ መምህርት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡25

አሪያ ሎጎቹን አዛወርኩ። አሁን መዝገቡ አሪያን አያነሣም፤ ግን አሁንም ይቆማል። አዲሱ መስመር የፈቃድ ሰንጠረዦችን መክፈት አልቻልኩም፣ “ዲቢ” የሚባለው ሰንጠረዥ ማውጫው ተበላሽቷል የሚል ነው።

---

ዳታ ጠባቂ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ወደፊት ሄደናል ማለት ነው። ማይኤስኪውኤል መቆሙን ያረጋግጡ። በመቆጣጠሪያው መስኮት “ሼል” የሚለውን ይጫኑ፤ ጥቁር መስኮት ይከፈታል። ወደ ማይኤስኪውኤል ዳታ ፎልደር ይግቡና በቢን ፎልደር ያለውን አሪያ ቸክን ከ“ሰረዝ አር” ጋር፣ ሰንጠረዡን በስሙ እየጠሩ ያሂዱት። በዳታ ውስጥ ማይኤስኪውኤል በሚባለው ፎልደር ያለውን “ዲቢ” ብቻ መጀመሪያ ይጠግኑ። ሌላ ስም ከጠራብዎ እሱንም እንዲሁ። ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ ግን አያሂዱት።

---

የኮዬ መምህርት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ተነሣ!

ከዲቢ በተጨማሪ አንድ ሌላ ሰንጠረዥ ጠርቶብኝ ነበር፤ እሱንም ጠግኜ ስታርት ስለው አረንጓዴው ጸና። ዘርቴ ተከፈተ፤ የሁሉም መምህራን ፎልደር በየስማቸው አለ። የሳይንስ መምህርታችን ዓርብ የሠራችውን “የውኃ ዑደት” ከፈተች፤ ትነት፣ ጤዛና ዝናብ የሚሉት ገጾች ከነሥዕላቸው አሉ። መብራት ሲሄድ እየጻፈችው የነበረው የመጨረሻው የመልመጃ ገጽ ብቻ የለም፤ ገና አላስቀመጠችውም ነበር። እሱን በአንድ ክፍለ ጊዜ እንደገና ትሠራዋለች።

እጅግ አመሰግናለሁ። ለዋናው መምህር ወደ ቢሯቸው ገብቼ ነገርኳቸው፤ ለኮምፒውተሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ለመግዛት ተስማምተዋል።

---

ዳታ ጠባቂ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ደስ አሰኝተውኛል። ዩፒኤሱ ይገዛ፤ እስኪገዛ ግን ከተቻለ ዘርቴን ወደ ላፕቶፕ አዛውሩት። ባትሪው የሚሠራ ማንኛውም ላፕቶፕ በራሱ ዩፒኤስ ነው፤ በእኛ ሰፈር በሚታየው የመብራት ሁኔታ ለትምህርት ቤት ሰርቨር ከዴስክቶፕ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ዩፒኤስ ስትገዙም የተለመደው 650 ቪኤ የሚለው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እንደሚያቆይ ለመምህራኑ ይንገሩ፤ ዓላማው ሥራ መቀጠል ሳይሆን አስቀምጦ፣ ማይኤስኪውኤልን “ስቶፕ” ብሎ፣ ኮምፒውተሩን በወጉ መዝጋት ነው።

ሌላው መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ የዳታ ፎልደርን መቅዳት መጠባበቂያ አይሆንም፤ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ሳይጻፍ ይቀዳል። ወይ አቁመው ይቅዱ፣ ወይ በፒኤችፒማይአድሚን (በብራውዘር በሚከፈተው የዳታቤዝ ማስተዳደሪያ) የዘርቴን ዳታቤዝ “ኤክስፖርት” ያድርጉ። ዩዘር ፋይልስን ግን በማንኛውም ጊዜ መቅዳት ይቻላል። ዓርብ ዓርብ ሁለቱን በአንድ ላይ ወደ ውጭ ዲስክ አውጥተው ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ክፍል ውጭ ያስቀምጡት፤ ሌባም እሳትም አንድ ክፍል ውስጥ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚወስዱት።

---

የሰበታ አሠልጣኝ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡15

ጤና ይስጥልኝ። ሰበታ ባለ የሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ እሠራለሁ፤ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኛም ዘርቴን ጭነናል፤ የእኛ ችግር ግን ሌላ ነው። በሰርቨሩ ላይ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ሠልጣኞቹ በዋይፋይ ራውተር ተገናኝተው በስልካቸው ሲከፍቱ ግን አይከፈትም። ራውተሩ ኢንተርኔት የለውም፤ ምክንያቱ እሱ ይሆን?

---

ለቡ ኔትዎርክ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡00

አይደለም እህቴ፤ ኢንተርኔት ምንም አያስፈልገውም። ስልኮቹና ሰርቨሩ በአንድ ራውተር ላይ መሆናቸው ይበቃል።

ሠልጣኞቹ በአድራሻው ቦታ የሚጽፉት “ሎካልሆስት” ከሆነ መልሱ እዚያ ላይ ነው። ሎካልሆስት ማለት “እኔው ራሴ” ማለት ስለሆነ ስልኩ ትምህርቱን የሚፈልገው በራሱ ውስጥ ነው። የሰርቨሩን የአይፒ ቁጥር (በኔትዎርኩ ላይ ያለውን አድራሻ) ይጻፉ፤ ብዙ ጊዜ በ192.168 ይጀምራል። ቁጥሩ በየጊዜው እንዳይለዋወጥ በራውተሩ ላይ ለዚያ ኮምፒውተር ቋሚ አድርጉለት።

እንደዚያም ሆኖ ካልተከፈተ ዊንዶውስ ያንን ዋይፋይ “ፐብሊክ” ብሎ መዝግቦት ይሆናል፤ “ፕራይቬት” አድርጉትና በፋየርዎል ለአፓቼ ፍቀዱ። የመጀመሪያው ገጽ ተከፍቶ ትምህርቱን ሲነኩ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ዘርቴ ሲጫን የተመዘገበው የጣቢያ አድራሻ ሎካልሆስት ሆኖ ይሆናል፤ በአስተዳዳሪው ገጽ ገብታችሁ ወደ አይፒ ቁጥሩ ለውጡት። ሙድል የተባለውን የትምህርት ማስተዳደሪያ የሚጠቀም ሰውም ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ “ደብልዩደብልዩደብልዩ ሩት” በሚለው መስመር ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል።

---

የሰበታ አሠልጣኝ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡20

ፐብሊክ ሆኖ ነው የተገኘው። ፕራይቬት ሳደርገው ከፊቴ ያሉት ስልኮች ሁሉ ከፈቱት። አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ከእኛ ቪዲዮዎች አንዳንዶቹ ሲጫኑ ይቋረጣሉ። ደግሞ ሠልጣኙ ጥያቄ የመለሰበት ሰዓት የተዛባ ነው የሚመዘገበው።

---

ለቡ ኔትዎርክ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡45

ሁለቱም ፒኤችፒ ኢኒ በሚባለው የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ናቸው፤ በአፓቼ ረድፍ ኮንፊግ በሚለው ይከፈታል። “አፕሎድ ማክስ ፋይልሳይዝ” እና “ፖስት ማክስ ሳይዝ” የሚሉትን ፈልጊ፤ በአዳዲሶቹ ዛምፖች 40 ሜጋባይት ናቸው። ሁለቱንም አሳድጊ፤ አንዱን ብቻ ማሳደግ አይጠቅምም። ይሁን እንጂ ቪዲዮውን ማሳነስ ይሻላል፤ አርባ ስልክ በአንድ ርካሽ ራውተር ላይ ትልቅ ቪዲዮ በአንዴ ቢከፍት ይንቀራፈፋል።

ሰዓቱ “ዴት ታይምዞን” የሚለው መስመር ነው። ዛምፕ ሲመጣ አውሮፓ በርሊን ተብሎ ነው፤ አፍሪካ አዲስ አበባ አድርጊው። ከበርሊን ጋር በክረምታቸው የ2፣ በበጋቸው የ1 ሰዓት ልዩነት አለን። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የ6 ሰዓት ልዩነት የእኛ አቆጣጠር ነው፤ ስሕተት አይደለም። ለውጡ እንዲሠራ አፓቼን አቁመሽ አስነሺው።

---

ጡረተኛው መምህር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡50

ልጆቼ፣ ሥራችሁ ያስደስታል። እኔ ቡራዩ ነው የምኖረው፤ በጡረታ ላይ ብሆንም በሰፈራችን ላለ ትምህርት ቤት የድሮ የአማርኛ ማስታወሻዎቼን ወደ ዘርቴ እያስገባሁ ነው። አንድ ችግር ገጠመኝና እስካሁን በከፊል ነው የፈታሁት። በኮምፒውተሬ ላይ በወርድ የተጻፉት ማስታወሻዎች ዘርቴ ላይ ሲለጠፉ ፊደሉ ሁሉ ወደ ላቲን ምልክቶችና ወደማይነበብ ነገር ይለወጣል። ፕሮግራሙ አማርኛ አይችልም ብለው የነገሩኝ አሉ። እኔ ግን እዚያው ላይ በቀጥታ ስጽፍ ያለ አንዳች ችግር ይቀበለኛል።

---

ዳታ ጠባቂ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ጋሼ፣ ዘርቴ አማርኛ ይችላል፤ ማስታወሻዎቹ ናቸው በድሮው ዘዴ የተጻፉት። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ ሠንጠረዥ፣ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሥሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ስንጽፍ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ኮድ ነበር፤ ፎንቱ ነበር “ሀ” አድርጎ የሚሥልልን። ያ ፎንት በሌለበት ቦታ ሲለጠፍ ሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል። ዘርቴ ላይ ያ ፎንት የለም፤ በተማሪው ስልክም የለም።

ስለዚህ ፎንት መጫን መፍትሔ አይሆንዎትም፤ ጽሑፉን ራሱን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ያስፈልጋል። ለዚህ የተሠሩ መቀየሪያዎች አሉ፤ ማስታወሻው በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ግን አስቀድመው ይወቁ፤ ፎንቶቹ እርስ በርሳቸው አንድ ዓይነት ኮድ አይጠቀሙም። ከለወጡ በኋላ በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ ፎንት ይክፈቱትና ያንብቡት። ሥርዓተ ነጥብን፣ የግዕዝ ቁጥሮችን፣ እንደ “ሟ”፣ “ቧ”፣ “ኳ” ያሉትን ፊደሎች ለይተው ይመልከቱ፤ መቀየሪያዎች የሚስቱት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ላይ ነው። ለተማሪ የሚቀርብ ጽሑፍ ስለሆነ በዓይን ሳይነበብ መታተም የለበትም።

---

ጡረተኛው መምህር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ገባኝ ልጄ፤ ተባረክ። በእርግጥም ማስታወሻዎቹ በእኛ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተለያዩ ኮምፒውተሮች የተጻፉ ናቸው። በየፎንታቸው ለይቼ አስቀምጣቸዋለሁ። በትምህርት ቤቱ ያሉት አንዳንድ አሮጌ ታብሌቶች ላይ ግን በቀጥታ የጻፍኩትም ቢሆን ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታያል፤ እሱስ?

---

ለቡ ኔትዎርክ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ሣጥን ከሆነ ጽሑፉ ትክክል ነው፤ ታብሌቱ የኢትዮጵያ ፊደል ያለው ፎንት የለውም ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከሰርቨሩ ላይ አስቀምጠው በትምህርቱ የሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው) ቦታ ላይ ያገናኙት፤ ታብሌቱ ፎንቱን ከትምህርቱ ጋር ከሰርቨሩ ያገኘዋል። ፎንቱን ከኢንተርኔት የሚጠራ መስመር ግን አይጠቀሙ፤ ክፍሉ ውስጥ ኢንተርኔት ስለሌለ አይመጣም። ይህ ለቪዲዮም ለሒሳብ ቀመርም ይሠራል፦ ከውጭ የሚጠራ ነገር ሁሉ ቅጂው ሰርቨሩ ላይ መኖር አለበት። ከኅትመት በፊት የራውተሩን የኢንተርኔት ገመድ ነቅለው ትምህርቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ ይለፉበት፤ የጎደለው ያን ጊዜ ይታያል።

---

ገላን ጥገና
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ስለ ደኅንነት ማንም ስላላነሣ እኔ ላንሣ። ዘርቴ ሲጫን መጀመሪያ “ገስት” በሚባለው አገባብ ነው የሚሆነው፤ ገጹን የከፈተ ሁሉ ያለ ይለፍ ቃል ይገባል። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ምንም አይደለም። ስልክ ሁሉ ወደሚገባበት ዋይፋይ ካወጣችሁት ግን ተማሪው የመምህሩን ትምህርት ከፍቶ ሊለውጠው ይችላል። አገባቡን በዳታቤዝ ወደሚመዘገብ መለያ ለውጡት፤ ለእያንዳንዱ መምህር የራሱን ስምና የይለፍ ቃል ስጡት። የዳታቤዙ ዋና ተጠቃሚ “ሩት” በዛምፕ ያለ ይለፍ ቃል ስለሚመጣ እሱንም አብጁለት፤ ከዚያ ዘርቴ የሚገናኝበትን ፋይልም አብራችሁ ለውጡ፤ አለዚያ ራሱ ዘርቴ መግባት ያቅተዋል። ሲጨርስ “ሴትአፕ” የሚለውን ፎልደር ከዘርቴ ውስጥ አውጡት።

የድሮ ሥሪት የጫነ ካለም ይታሰብበት። ከ3 በፊት የነበሩት የማዘጋጃ ገጻቸው በፍላሽ ፕሌየር ነበር የሚሠራው፤ ያ ፕሮግራም ከ2020 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ ስለቆመ ገጹ ባዶ ሆኖ ነው የሚከፈተው። እሱን ሲያድሱም መጀመሪያ መቅዳት፣ ከዚያ ማደስ።

---

የኮዬ መምህርት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡50

የገስቱ ነገር የእኛም ነበር፤ ዛሬ ለሁሉም መምህራን መለያ እየከፈትኩ ነው። ዘርቴን ወደ ላፕቶፕ አዛውሬዋለሁ፤ በትክክል ይሠራል። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ያለ ጎረቤት ትምህርት ቤት “የውኃ ዑደት”ን እንድንሰጣቸው ጠይቆናል። እነሱም ዘርቴ አላቸው። የትምህርቱን ፎልደር ከዩዘር ፋይልስ ቀድቼ ልስጣቸው?

---

ዳታ ጠባቂ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ፎልደሩን አይስጧቸው፤ ስሙ ላይ ያለው ቁጥር የእርስዎ ዳታቤዝ የሰጠው ነው፣ የእነሱ ዳታቤዝ አያውቀውም። ትምህርቱን መርጠው በንብረት ገጹ “ኤክስፖርት” የሚለውን ይክፈቱ፤ ማኅደር የሚለውን ዓይነት ይምረጡ፤ አንድ ዚፕ ፋይል ይወጣል። እነሱ “ኢምፖርት” ብለው ሲያስገቡት በራሳቸው ስም ይመዘገባል፤ ድምፁና ሥዕሉም አብሮ ይሄዳል፤ እንደ ልባቸውም ያርሙታል። ስኮርም የሚለውን አይምረጡላቸው፤ እሱ ሙድልን ለመሰለ ሥርዓት የሚሰጥ ነው።

ዘርቴ የሌለው ትምህርት ቤት ከጠየቀዎት ደግሞ ለድረ ገጽ የሚሆነውን ዚፕ ይስጡት፤ በዛምፕ ኤችቲዶክስ ውስጥ ፈትቶ ያስቀምጠው። በፍላሽ ላይ ሆኖ ፋይሉን ሁለት ጊዜ ጠቅ በማድረግ ብቻ ለመክፈት ከሞከረ ብራውዘሩ ለደኅንነት ሲል ውስጡ ያሉትን ፋይሎች እንዳይነበቡ ሊከለክል ይችላል፤ በሰርቨር በኩል ሲከፈት ግን ይሠራል።

---

የኮዬ መምህርት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡05

ዚፑ ወጣ። 38 ሜጋባይት ነው፤ ከ40 በታች ስለሆነ ሲያስገቡት አይቋረጥባቸውም። የሳይንስ መምህርታችን የቀረውን የመልመጃ ገጽ ጨርሳ ስታስቀምጥ እንደገና አውጥቼ ከሰዓት በኋላ እልክላቸዋለሁ።